ከመስመር የወጣው መቅደስ

በዘጠናዎቹ አጋማሽ ላይ አሜሪካ፣ ሴንት ፖል ከተማ፣ ጠዋት ጠዋት አረጋውያን መጦሪያ ውስጥ እየሠራሁ፣ ከሰዓት በኋላ አርክቴክቸር እማር ነበር። አዲስ አበባ የጀመርኩትን ትምህርት ስደት አቋርጦብኝ እንደገና ሀ ብዬ ስጀምር፣ የክፍል ጓደኞቼ የታናናሾቼ እኩዮች ነበሩ። በንድፍ ከማንም አላንስም። መናገር ግን እፈራለሁ፤ እጄን አውጥቼ አላውቅም።

የሕንፃ ታሪክ አስተማሪያችን ለእያንዳንዳችን አንድ አሮጌ ሕንፃ አደለችን። ለእኔ በመካከለኛው ዘመን የተሠራ የፈረንሳይ ገጠር ቤተ ክርስቲያን ደረሰኝ። ጥቂት ፎቶግራፎችና አንድ ፕላን ሰጥታኝ፣ «የቱ ክፍል እንደቀደመ፣ የቱ እንደተከተለ፣ ለምን እንደሆነም ክፍሉ ፊት ታስረጃለሽ» አለችኝ።

ሕዝቡ የሚቆምበት አዳራሽ ግንቡ ወፍራም፣ መስኮቱ ጠባብ፣ ቅስቱ ክብ ነው፤ ቀዳሚው እሱ ነው። መቅደሱ ሰፊና ከፍ ያለ፣ ቅስቶቹም ወደ ላይ የሾሉ ናቸው፤ ኋላ የመጣ ሥራ ነው። እስከዚህ አልተቸገርኩም። ፕላኑ ላይ ማስመሪያ ሳስቀምጥ ግን መቅደሱ ከአዳራሹ ጋር ቀጥ አላለም፤ ወደ ሰሜን ዘመም ብሏል። እንዲህ ያለ ቅስት ያቆሙ ግንበኞች ቀጥ ያለ መስመር እንዴት ያቅታቸዋል?

«መሬቱ ይሆናላ» አለኝ ታክሲ የሚነዳው ባለቤቴ፣ በትከሻዬ ላይ አሻግሮ እያየ።

«መሬቱማ ሜዳ ነው።»

«እንግዲያው ተሳስተዋል በያቸው!»

አላልኩም።

እሁድ ለቅዳሴ ሄድን። ያኔ ምእመናኑ የገዛነውን አሮጌ ሕንፃ እያሳደስን ነበር። ግማሹ በላስቲክ ተጋርዶ ጣውላ ተከምሮበታል፤ በቀረው ግማሽ ተጠጋግተን እናስቀድሳለን። ከቅዳሴ በኋላ አናጢው ሜትሩን ከዳር እስከ ዳር ሊዘረጋ ቢሞክር፣ መሐል ላይ የቆመው ጊዜያዊ መቅደስ አላሳልፍ አለው። በውጭ ዞሮ መለካት ጀመረ።

የፈረንሳዩ ቤተ ክርስቲያን ትዝ አለኝ። የዚያች መንደር ሰዎችም ጸሎታቸውን አላቋረጡም! ቀድሞ በነበረው ትንሽ መቅደስ ውስጥ እየተቀደሰ፣ አዲሱን በውጭ ዙሪያውን ገነቡት። አሮጌው ግንብ መሐል ላይ ስለቆመ መስመሩን የሚያቀኑበትን ገመድ ከአዳራሹ መወጠር አልቻሉም። መዛነፉ የታየው አሮጌው ሲፈርስ ነው።

ቤት ገብቼ ፎቶግራፎቹን በማጉያ መነጽር አየኋቸው። በመቅደሱ በኩል የአዳራሹ ግድግዳ ላይ፣ በፊት ተደግፎት የነበረ የዝቅተኛ፣ የጠባብ ጣሪያ ጠባሳ አለ። በደስታ ጮህኩ።

የማስረዳበት ቀን ባለቤቴ ሥራውን ትቶ መጥቶ ከኋላ ተቀመጠ። የመጀመሪያዎቹን ቃላት ከወረቀቴ አነበብኩ፤ ጠባሳው ጋ ስደርስ ግን እንግሊዝኛዬ ራሱ ተፈታ። አንዱ ተማሪ፣ «የሌላ ጎጆ ጣሪያ ቢሆንስ?» ብሎ ጠየቀኝ።

«የጣሪያው ጫፍ ልክ ወደ መቅደሱ ከሚያስገባው ቅስት አናት ላይ ነው» አልኩት። «ሌላ ጎጆ እዚያ አይገጥምም።»

አስተማሪዋ ለማንም ያላሳየችውን ስላይድ አበራች። የመቅደሱ ወለል ተከፍቶ፣ ከሥሩ የትንሽ መቅደስ መሠረት ይታያል።

«ይህን አላየችም» አለች ወደ ክፍሉ ዞራ። «ግን መሠረቱ እሷ የገመተችው ቦታ ላይ ነው።»

ቀድሞ ያጨበጨበው ባለቤቴ ነው፤ ያውም ቆሞ። ክፍሉ በሙሉ ተከተለው። ጭብጨባው ሲበርድ አስተማሪዋ ጠጋ ብላ፣ «ነገ ለሌላው ክፍልም ትነግሪልኛለሽ?» አለችኝ።

በማግስቱ ወረቀት ሳልይዝ ገባሁ።