የመምህር አለኸኝን ጊታር ፍለጋ

ማክሰኞ፣ ሳይነጋ

አውቶቡሱ ከአዲስ አበባ ሲነሳ ሰማዩ ገና አልቀላም። ሥራዬ ሆቴል ውስጥ ጊታር መጫወት ነው። ጎን ለጎን አሮጌ ጊታሮች እገዛለሁ፤ ድምፁ ልቤን የነካውን ለራሴ አስቀራለሁ፣ ሌላውን ለፈረንጆች ሸጬ አተርፋለሁ። ሞጣ ያስተምር የነበረ ወዳጄ፣ «የሞተ መምህር ጊታር እዚያ አንድ ነጋዴ ቤት ተቀምጧል፤ ጣሊያን የሠራው የድሮ ዕቃ ነው» ስላለኝ ነው የተነሳሁት።

ዓባይ በረሃ ስንወርድ ሙቀቱ ፊት ይለበልባል። ድልድዩን ተሻግረን፣ ዳገቱን እያቃሰትን ወጥተን ደጀን ገባን። ከዚያ ወዲያ በጭነት መኪና፣ ጨው ጆንያ ላይ ተቀምጬ ነው። ታኅሣሥ ነውና ግራ ቀኙ የጤፍ ነዶ ነው። ቢቸና አደርሁ። ጾም ስለሆነ እራቴ ሽሮ ነበር።

ረቡዕ፣ ሞጣ

ጉንደ ወይንን አልፈን ከቀትር በኋላ ደረስን። ነጋዴው ሐጂ ሰይድ ይባላሉ፤ ጨርቅ ይሸጣሉ። ከመደርደሪያቸው በላይ የጃንሆይ ፎቶግራፍ ተሰቅሏል። የመጣሁበትን ስነግራቸው አቡጀዲ ማጠፋቸውን አላቋረጡም።

«መምህር አለኸኝ እኔ ቤት ነበር የተከራየው» አሉ። «ተስቦ ያዘውና በስድስተኛው ቀን ሞተ። ጊታሩ አለ።»

ከሣጥን አውጥተው ፈቱልኝ። እንጨቱ የማር መልክ አለው፤ ክሮቹ ዝገዋል፣ አንገቱ ግን ቀጥ እንዳለ ነው። ብዙ ጊታር አይቻለሁ፤ ይህን ግን ለራሴ እንደማስቀረው ወዲያው አወቅሁ።

«መቶ ብር እሰጣለሁ» አልሁ።

«ልጄ፣ የኔ አይደለም፤ አደራ ነው። እናቱ ቢቸና አሉ። ሁለት ጊዜ ሰው ብልክ መልስ አልመጣም፤ እኔም ዝም አልሁ። ጥፋቴ ነው። ነገ አብረን እንሂድ። ይሸጥ ካሉ እሳቸው ይሽጡልህ።»

ሐሙስ፣ ቢቸና

መንገዱን ሁሉ ጊታሩን እንደ ሕፃን ታቅፈው መጡ። ላግዝዎ ብላቸውም አልሰጡኝም።

የመምህሩ እናት ወይዘሮ የሺመቤት የመርጌታ ሚስት የነበሩ ናቸው። ደጃፋቸው ላይ ምስር ሲለቅሙ አገኘናቸው። በጨርቅ የተጠቀለለውን ሲያዩ ምን እንደሆነ ገባቸው።

«እርስዎ ነዎት ሐጂ?»

«እኔ ነኝ፣ እሜቴ። አደራዎን ይዤ መጣሁ።»

«መልእክትዎ ደርሶኛል። ዝም ያልሁት እኔ ነኝ።» ዓይናቸውን ወደ ሰፌዱ መለሱ። «የመርጌታ ልጅ የአዝማሪ ዕቃ ይዞ መጣና፣ ‹ይህን ይዘህ ደጄን እንዳትረግጥ› አልሁት። አልረገጠም። ሁለት ዓመት ሳላየው መርዶው መጣ።»

ሐጂ አንገታቸውን ደፉ። እኔም ስለ ዋጋ ላነሳ ያሰብሁትን ዋጥሁት።

ሐጂ ጊታር ተጫዋች መሆኔን ሲነግሯቸው፣ «ያንተ ሥራ ይህ ነዋ» አሉኝ እናትየው። «እስቲ አሰማኝ።»

ከቦርሳዬ አዲስ ክር አውጥቼ ቀየርሁለት፤ ቃኘሁት። ግን ምን ልምታ? የሆቴሉን ዘፈን እዚያ ደጃፍ ላይ ለመምታት አፈርሁ።

ሐጂ አዩኝ። «ከትምህርት ቤት ሲመለስ ሁልጊዜ የሚመታው አንድ ዜማ ነበረው። ቃሉን አላውቅም» አሉና በዝግታ አንጎራጎሩልኝ። እየዳበስሁ ተከተልኋቸው፤ በሦስተኛው ያዝሁት።

የወይዘሮ የሺመቤት እጅ ሰፌዱ ላይ ቆመ።

«ይህማ የእመቤታችን ማኅሌት ነው» አሉ። «አባቱ ነው ያስተማረው።»

«እኔ ዘፈን መስሎኝ ነበር» አሉ ሐጂ።

«እኔም» አሉ እሳቸው።

ነጠላቸውን ወደ ፊታቸው ሳቡ። እስኪበቃቸው አለቀሱ። ኋላ ቀና ብለው፣ «የት ነው ያረፈው?» ሲሉ ጠየቁ።

«ሞጣ ጊዮርጊስ። እስከ ደጀ ሰላሙ ሸኝቼዋለሁ፤ ቦታውንም ከዚያ ሆኜ አይቼዋለሁ።»

«ያሳዩኛል?»

«በደስታ፣ እሜቴ።»

ዓርብ፣ ጧት

ገበያው አጠገብ ሁለት መኪና ቆሟል፤ አንዱ ወደ ደጀን፣ አንዱ ወደ ሞጣ። ይሽጡልኝ ብዬ አልጠየቅሁም። ወይዘሮ የሺመቤት ግን፣ «ስለ ደከምህበት ምን እናድርግልህ?» አሉኝ።

«ዜማውን ሰጥታችሁኛል» አልኋቸው።

ሐጂ ጭነቱ ላይ ወጡ። እናትየውን ሾፌሩ አጠገብ አስቀመጥናቸውና ጊታሩን በመስኮት አቀበልኋቸው። ጭናቸው ላይ አጋደሙት። መኪናው ሲነሳ አቧራው እንዳያገኘው ነጠላቸውን አለበሱት።