እኩል ገመድ

የወረኢሉው አውቶቡስ ዘግይቶብኝ፣ መካነ ሰላም ውስጥ አንድ ትምህርት ቤት አጥር ተደግፌ ነው ያየኋት። ሠላሳን ብዙም ያላለፈች መምህርት ናት። ከዓረብ አገር ስትመለስ ይዛው የመጣች የሚመስለውን ጥቁር አባያዋን ሣር እንዳይነካው ሰብስባ በመቀነት ሸብ አድርጋዋለች።

ተማሪዎቿን ሜዳው ላይ በቡድን ከፋፍላ ለየቡድኑ እኩል እኩል ገመድ አደለች። «በሉ ቤት ሥሩ! ብዙ ሰው ያስተኛ አሸነፈ!»

እኔ ዙሪያና ስፋትን የተማርኩት በአርጩሜ ነበር። እነዚህ ግን ገመዱን ሣሩ ላይ ዘርግተው፣ ውስጡ እየተጋደሙ፣ «ጠጋ በል!» እየተባባሉ በሳቅ ይንከተከታሉ። እሷም በመካከላቸው እየተሯሯጠች፣ «አብሽሩ! ዙሪያው እኩል ነው፤ ስፋቱስ?» ትላለች። መልሱን ሲያገኙት ከእነሱ ቀድማ ታጨበጭባለች።

ፈርሂያ የምትባል ልጅ ቡድን የሠራው ቤት ግን ረዥምና ቀጭን ሆነ። አንድ ልጅ እንኳ በጀርባው ተንጋሎ አይተኛበትም።

«ይሄ ኮሪደር ነው እንጂ ቤት ነው?» ብሎ አንዱ ሲስቅ ሁሉም ተከተሉት።

መምህርቷ አልሳቀችም። ገመዱ ውስጥ ገባችና በጎኗ ተጋደመች፤ ክንዶቿን ደረቷ ላይ አጥፋ፣ ገመዱን በየትም በኩል ሳትነካ፣ የለመደችው አልጋ ይመስል።

«መተኛትስ ይቻላል» አለች ዓይኗን ጨፍና። «መገላበጥ ነው የማይቻለው።»

ተነሥታ ከአባያዋ ላይ ሣሩን አራገፈችና የገመዱን ጫፍ ለልጅቷ አቀበለቻት።

«በይ አስፊው፣ ፈርሂያዬ። ገመዱ እኮ አላነሰም።»