ትንንሹን ፊደል ያላነበብሁበት በዓል

በሕንጻችን ካለነው የጎንደር ሽማግሌዎች ዕብራይስጥ የማነብ እኔ ብቻ ነኝ። በመግቢያው ማስታወቂያ ሲለጠፍ ሁሉም እኔን ይጠብቃል፤ እኔም ደረቴን ነፍቼ አነባለሁ። የማነበው ግን ትልልቁን ፊደል ነው። ለትንንሹ መነጽር ያስፈልጋል፤ መነጽር ደግሞ ሽማግሌ ያስመስላል።

አንድ ቀን ከተማችን አፉላ የተመሠረተችበት ዕለት በዓል ሆኖ እንደታወጀ አነበብሁና ለባለቤቴ ነገርኋት።

«ማክሰኞ በዓል ነው።»

«ማክሰኞማ የዓይኔ ቶር ነው!»

የዓይኗን ሞራ ለማስገፈፍ ያንን ቶር፣ የሐኪም ቀጠሮዋን፣ ስንት ወር ጠብቃለች። ወታደሯ የልጅ ልጃችን ስትመጣ እንኳ የምትለያት በድምፅዋ ነበር።

«ሐኪሙም የአፉላ ሐኪም ነው» አልኋት። «አዋጅ ተነግሮ ማን ይሠራል?»

«እስቲ ደውለህ ጠይቅ።»

«የተዘጋ ቤት ማን ስልክ ያነሳል?» ብዬ ሳቅሁባት።

ባገራችን በገበያ ሜዳ ነጋሪት ተጎስሞ አዋጅ ከተነገረ ነገሩ አለቀ፤ አዋጁ የሁሉም ነው። እኔም አርባ ዓመት እዚህ እስራኤል ኖሬ አፉላን ያንን የገበያ ሜዳችንን አደረግኋት።

ማክሰኞ ጠዋት ነጭ ልብሴን ለብሼ፣ ነጠላዬን አጣፍቼ በዓሉን ለማየት ወደ መሀል ከተማ ወረድሁ። ባንኩ ክፍት ነው። አውቶቡስ ጣቢያው ወታደር በወታደር ነው። በዓሉን አልሰሙም ብዬ አዘንሁላቸው። በኢንዱስትሪ ቀጠናው የምትሠራው ጎረቤታችን አውቶቡስ ስትጠብቅ አየችኝ።

«አባባ፣ እንዲህ አምሮብዎት የማን ሰርግ ነው?»

«የከተማዋ በዓል ነው እንጂ! አንቺስ አዋጅ ጥሰሽ ወዴት ነው?»

«ወደ ሥራ ነዋ! የሚዘጋው ማዘጋጃ ቤቱ ብቻ ነው። ማስታወቂያው ላይ ከታች ተጽፎ የለም?»

«ሆስፒታሉስ?»

«ሆስፒታሉማ መቼ ተዘግቶ ያውቃል?»

ለቀጠሮው አንድ ሰዓት እንኳ አልቀረም። ሮጥሁ፤ ሩጫ ካሉት። ነጠላዬ ከኋላዬ መንገዱን ይጠርጋል። ቤት ስደርስ ባለቤቴ ለባብሳ፣ ቦርሳዋን ጭኗ ላይ አድርጋ ተቀምጣለች።

«አንተ እንደወጣህ የልጅ ልጃችን ሆስፒታል ደውላ ጠየቀችልኝ» አለች። «አጃቢ ግዴታ ነው ባይሉኝ ትቼህ ሄጄ ነበር። ታክሲው ደጅ ቆሟል፤ ምን ይገትርሃል?»

ስሟ ሲጠራ ደረስን። እኔ ገና እያለከለክሁ ስለነበር ነርሷ ታማሚው እኔ የሆንሁ መስሏት ወንበር አቀረበችልኝ። ባለቤቴ ስቃ ስቃ ገባች።

በማግስቱ የዓይኗ ፋሻ ተፈታ። ወደ ቤት ስንመለስ ከሕንጻችን መግቢያ ቆመች። ወረቀቱ አሁንም እዚያው ተለጥፏል። ማንበብ አትችልም፤ ጣቷን ግን ከሥር ትንንሹ ፊደል ላይ አሳረፈች።

«መነጽርህን አድርግና ይህን አንብብልኝ።»

ከኪሴ አውጥቼ አደረግሁ። እስከ መጨረሻው አነበብሁላት፤ ጎረቤታችን ካለችው አንድም አልቀረም።

«አሁን ሽማግሌ መሰልሁ?» አልኋት።

ቀና ብላ በአዲሱ ዓይኗ ከራሴ እስከ እግሬ አየችኝ።

«እሱማ ያለ መነጽርም ነህ» አለች።