በሁለት ቺላ መሃል የሚጠፋ እሳት

ኡስታ ሶቢር ወደ ሰው ቤት ሲገባ መጀመሪያ ሰላም የሚለው ቦይለሩን ነው፤ ሰዎቹን ከዚያ በኋላ። በእኛ ሰፈር፣ በኮካንድ ከተማ፣ ይህን ጠባዩን እንደ ንቀት የቆጠረበት ሰው የለም። በጥር ብርድ ቤት የሚያሞቀው ቦይለር እንጂ ሰላምታ አይደለማ!

ኡስታ የምንለው ባለሙያ ስለሆነ ነው፤ ሃምሳ ስምንት ዓመቱ ነው። የጋዝ ቱቦ ወደ ሰፈራችን ሲገባ ቦይ ቆፋሪ ነበር፤ ቀጥሎ በያጅ ሆነ፤ ከዚያ ከጋዝ መሥሪያ ቤቱ ወጥቶ በብስክሌት እየዞረ የሰው ቦይለር ይጠግን ጀመር። ከብስክሌቱ ኋላ የምትታሰረው የቆዳ ቦርሳ መርፌ፣ አሮጌ የጥርስ ብሩሽ፣ ክብሪትና አንዲት የሴት የእጅ መስታወት አታጣም። መስታወቷ ከቦይለሩ ሆድ ውስጥ ያለችውን ትንሿን እሳት ማያ ናት። ሴቶቹ ግን አይለቁትም፤ ለማን ልትቆነጃጅ ነው ይሉታል። እሱም ለሙሽራዋ ነው ይላል። ቦይለር ሁሉ ለእሱ ሙሽራ ነው፤ የሚያስከፋትን አትናገርም፣ ዝም ብላ ታኮርፋለች፣ ነገሩን ፈልጎ ማግኘት የባል ፈንታ ነው ባይ ነው።

እንዲህ ቀልደኛ የነበረው ሰው ካለፈው ዓመት ወዲህ ተለወጠ። ሳቁ አጠረ። ሠርቶ ከሄደበት ቤት ከሰዓት ተመልሶ ይመጣና አንዴ ልየው ብሎ ከቦይለሩ ፊት ይንበረከካል። እኛ እርጅና ነው አልን።

የእኔ ጎረቤት ሶጂዳ ሖላ ናት። ሖላ አክስት ማለት ነው፤ የሰፈሩ ሰው ሁሉ እንዲያ ይጠራታል፣ እሷም ሁላችንንም እንደ አክስት ትቆጣናለች። ምራቷ ሙኒሳ ሦስት ጊዜ ጨንግፎባት በአራተኛው በጥር መጀመሪያ ወንድ ልጅ ተገላገለች። እኛ ዘንድ ቺላ የሚባል አርባ ቀን ሁለት አለ። አንደኛው የብርዱ ቺላ ነው፣ የዓመቱ ክፉ ቅዝቃዜ። ሁለተኛው የአራስ ቺላ ነው፤ እናትና ልጅ ከደጅ አይወጡም፣ ነፋስም አይነካቸውም። ዘንድሮ ሁለቱ ተገጣጠሙ። ሶጂዳ ሖላም ቤቱን እንደ ማሰሮ ከደነችው። መስኮቶቹን በጥጥ ብርድ ልብስ ሸፈነች፣ የበሮቹን ሥር በጨርቅ ጠቀጠቀች፣ መተላለፊያው ግድግዳ ላይ ያለችውን የአየር ቀዳዳ ሳይቀር በጥጥ ደፈነች። ቦይለሩ የቆመው እዚያው መተላለፊያ ውስጥ ነው።

ቤቱ በተከደነ በሦስተኛው ቀን ቦይለሩ አኮረፈ። ይለኮሳል፣ ሩብ ሰዓት ያህል ይነድዳል፣ ቀጭ ብሎ ይጠፋል። የሶጂዳ ሖላ ልጅ ዶኒዮር፣ የሙኒሳ ባል፣ ቁልፉን ተጭኖ ደግሞ ይለኩሰዋል፤ ደግሞ ቀጭ። ሙኒሳ ራሷን አመማት፣ ሕፃኑም ጡት መጥባት ሰነፈ። ሶጂዳ ሖላ የሰው ዓይን ነው ብላ ኢስሪቅ የምንለውን ቅጠል አጤሰችባቸው። እኔ ኡስታ ሶቢርን ልጠራ ሄድኩ።

መጥቶ አሸተተ፤ የጋዝ ሽታ የለም። ዶኒዮርን ጠየቀው፤ እሳቱ የሚጠፋው ጣትህን ከቁልፉ ስታነሳ ነው ወይስ ቆይቶ? ቆይቶ ነው አለው። ያን ጊዜ ፊቱ ትንሽ ጠቆር አለ፣ ግን ሥራውን ጀመረ። መስታወቱን ለእኔ ሰጠኝ። ትንሿ እሳት ቢጫና ልፍስፍስ ነበረች። ቀዳዳዋን በመርፌ ወጋ፣ በብሩሹ ጥቀርሻውን ጠረገ፤ ስትለኮስ ሰማያዊ ሆና ቀጥ ብላ ቆመች። እንዴት ደስ ትል ነበር! ሶጂዳ ሖላ እጅህ ይባረክ ብላ ሻይ ልታመጣ ተነሳች። ሻዩ ሳይመጣ ቀጭ አለ።

እሳቱ ላይ ተደግፋ ሙቀቷን የምትለካውን የመዳብ ዘንግ በአዲስ ቀየረ። ሩብ ሰዓት። ቀጭ።

ይሄኔ ዶኒዮር የአጎቱ ልጅ የነገረውን ዘዴ አመጣ። ከጭስ ማውጫው ሥር አንዲት ትንሽ ቁራጭ አለች፤ ሶቢር ዘበኛዋ ይላታል። ጭሱ ወደ ላይ መውጣቱን ትቶ ወደ ቤት ሲመለስ ትግላለች፣ ስትግል ጋዙን ትዘጋለች። የእሷን ሁለት ሽቦዎች ነቅሎ እርስ በርስ መጠምዘዝ ነው፣ ከዚያ እሳቱ አይጠፋም፣ ግማሹ ከተማ እንዲያ አድርጓል አለ።

ሶቢር ከጋዜጣ ላይ ቀጭን ቁራጭ ቀደደና ዘበኛዋ አጠገብ ያዛት። ጭስ ማውጫው የሚስብ ቢሆን ወረቀቷ ወደ ውስጥ ትሳብ ነበር። እሷ ግን ወደ እኛ ተነፋች።

«ሙሽራዋ ምንም አልሆነችም» አለ ቀስ ብሎ። «ያፈናችኋት እናንተ ናችሁ። አየር ስላጣች ጭሷን ወደ ቤት እየመለሰች ነው። የሙኒሳ ራስ ምታት ከዚሁ ነው። ይሄን ጥጥ አውጡት፣ መስኮቱም ይከፈት።»

ሶጂዳ ሖላ ሻዩን አስቀመጠች። «በቺላ? አራት ልጅ ወልጄ በቺላ መስኮት ሲከፈት አላየሁም።»

«ያኔ መስኮትዎ ራሱ ወንፊት ነበር፣ ሖላ። አሁን ዶኒዮር ፕላስቲክ መስኮት አስገባ፤ ጉንዳን አያሳልፍም።»

«ሦስት የልጅ ልጅ አጥቼ አንድ አገኘሁ። በነፋስ አልሰጠውም። ዘበኛህን ፍታልኝና ሂድ።»

«አልፈታም።»

«እንግዲያው የሚፈታ አላጣም። ዶኒዮር፣ የአጎትህን ልጅ ጥራው።»

ዶኒዮር ስልኩን አወጣ። ሶቢር ቆቡን አወለቀ፤ ቆቡን ሲያወልቅ ሳየው የመጀመሪያዬ ነው።

«ሖላ፣ ዮቁብ አካን ምን ገደለው?»

«ዳቦ ጋጋሪውን? ልቡ ነዋ፣ አላህ ይማረው።»

«ልቡ አይደለም። እኔ ነኝ።»

የቀረውን መሬት መሬት እያየ ነገረን። ያለፈው ዓመት፣ በእንዲሁ ያለ ብርድ፣ የዮቁብ አካ፣ አካ እኛ ዘንድ ጋሼ ማለት ነው፣ የቦይለሩ ዘበኛ ተበላሸች። ምትኳ በእጁ አልነበረችም። ሽማግሌው በረደኝ ብሎ ሦስት ጊዜ ለመነው። ለአንድ ሌሊት ነው ብሎ ሁለቱን ሽቦዎች ጠመዘዛቸው። ጭሱ ሌሊት ወደ ቤት ተመለሰ፤ ሚስቱ ዘመድ ዘንድ አድራ ነበርና ሽማግሌው ብቻውን ነበር። በማግስቱ ዕቃውን ይዞ ሲመጣ ከግቢው ለቅሶ ሰማ። ወንዶቹ ሬሳውን ሲያጥቡ እሱ ጓዳ ገብቶ ሽቦውን ፈታ፣ አዲሷን ዘበኛ ገጠመ፣ ወጥቶም ከአልቃሾቹ ጋር ቆመ።

«አዲሱን ዕቃ የገጠምኩት ለሞተ ሰው ነው» አለ።

ዶኒዮር ስልኩን ኪሱ ከተተ። ሶጂዳ ሖላ ተነስታ ወደ አራሷ ክፍል ገባች። ተቆጥታ በሩን ልትዘጋ መስሎን ነበር። መቀስ ይዛ ወጣች። ከመስኮቱ መጋረጃ ጋር የሰፋችውን ብርድ ልብስ ክር በክር ፈታችው፣ ከቀዳዳዋም ጥጡን በጣቶቿ እየጎተተች አወጣችው።  ሶቢር ጋዙን ዘግቶ ቤቱ ሁሉ እንዲናፈስ አደረገ፤ እናትና ልጅ በሦስት ብርድ ልብስ ተጠቅልለው ከተከፈተው መስኮት አጠገብ ተቀመጡ። ሶጂዳ ሖላ በዚህ ሁሉ ጊዜ ከንፈሯን እያንቀሳቀሰች ትጸልይ ነበር። ዶኒዮር የጠራት የጤና ጣቢያዋ ነርስ ደርሳ ሁለቱንም መረመረቻቸው። ሕፃኑ ድምፁን ከፍ አድርጎ አለቀሰ፣ ከዚያም ጡቱን ያዘ።

ሶቢር ቀዳዳዋን ክፍት ትቶ እሳቱን ለኮሰ። ወረቀቷ ወደ ውስጥ ተሳበች። ሩብ ሰዓት አለፈ፣ አንድ ሰዓትም አለፈ፤ እሳቱ አልጠፋም። ማንም ደስ አላለውም።

«ማህፉዛ ታውቃለች?» አለችው ሶጂዳ ሖላ። የዮቁብ አካ ሚስት ናት።

«አታውቅም።»

«ዶኒዮር ለሚስቱ ይነግራል፣ ሚስቱ ለእናቷ። እኔም ዝም የምል ሴት አይደለሁም፣ ታውቀኛለህ። ከእኛ ሰምታ እንዳታውቅ። አሁኑኑ ሂድ።»

ብስክሌቱን ሳይቀመጥባት እየገፋ በበረዶው ላይ ወደ ታችኛው መንገድ ወረደ። የቀረውን የነገረችኝ ማህፉዛ ራሷ ናት። በር ስትከፍት ቆቡን በእጁ ይዞ ቆሟል። ቦይለሩን ሊያይ የመጣ መስሏት፣ ቦይለራችን እኮ ደህና ነው ኡስታ፣ አምና አንተው የገጠምከው ዕቃ እስካሁን እየሠራ ነው፣ ለማንኛውም ግባ ሞቅ ይበልህ አለችው።

«ስለ እሱ ነው የመጣሁት» ብሎ ገባ።