ጎዶሎው ጅራት

ሰፈሩ “ልብስ ሰፊዋ” ይላታል፤ ይሁን እንጂ የስፌት መኪናዋ ከተሸጠ ቆይቷል። ስሙ የቀረላት ከመቀሷ ጋር ነው። ከቀድሞ መሥሪያዋ አጠገብ የጌጥ ዓሣ የሚሸጥበት ሱቅ ነበረ። ባለሱቁ አንድ ቀን የሐር ጨርቅ ጠርዝ ስታስተካክል አይቷት፣ “ይህን የመሰለ እጅ በጨርቅ ላይ ሲያልቅ ያሳዝናል” አላት። ከዚያ ወዲህ እጇ በዓሣ ላይ ዋለ።

ሥራው ይህ ነው። ለውድድር የሚቀርብ ወይም ለደንበኛ የሚሸጥ ዓሣ የክንፉ ወይም የጅራቱ ጠርዝ ተቦጭቆ፣ አንዱ ጫፍ ከሌላው ረዝሞ ሲገኝ፣ የሚያደነዝዘው የቅርንፉድ ዘይት ጠብ የተደረገበት የውሃ ሳህን ውስጥ ይገባል። ጥቂት ይንገዳገድና በጎኑ ይተኛል። ያን ጊዜ እርጥብ ጨርቅ ላይ ታጋድመዋለች፤ ክንፉን እንደ ማራገቢያ ዘርግታ ጠርዙን በቀጭኑ መቀስ ትከረክመዋለች። ወደ ንጹሕ ውሃ ሲመለስ ነፍስ ይዘራል። የተቆረጠው መልሶ ያድጋል፤ ስለዚህም ሥራው አያልቅም።

የበሰበሰ ክንፍ ቆርጦ ዓሣውን ማትረፍ ሕክምና ነው። ጤነኛውን ክንፍ ለተመልካች ዓይን ሲባል መቁረጥ ግን ሌላ ስም ይሻል። ልብስ ሰፊዋ ልዩነቱ ጠፍቷት አይደለም። “ማስተካከል” የሚለውን ለስለስ ያለ ቃል የመረጠችው ልዩነቱን ስለምታውቅ ነበር።

“ነይ እስቲ፣ ልብስ ሰፊዋ፣” ይላታል ባለሱቁ በሩ ላይ ስትደርስ፤ “ደንበኞችሽ አልጋቸውን ይዘው ይጠብቁሻል።”

ቀልዱ ባዶ ቀልድ አልነበረም። እሷ ስትገባ ቀድሞ የተቆረጡት ዓሦች፣ ዘይቱ ገና ከጠርሙሱ ሳይወጣ፣ ወደ ገንዳቸው ወለል ወርደው በጎናቸው ይተኛሉ። ያልተቆረጡት መዋኘታቸውን አያቋርጡም።

“ሌላ ሰው ሲገባስ እንዲህ ያደርጋሉ?” ብላ ጠይቃው ነበር።

“ሌላ ሰው ሲገባማ ምግብ ይለምናሉ። አንቺን ነው የሚፈሩት።”

“ፈርተው ቢሆን ይሸሹ ነበር።”

“እንግዲያው አክብረውሽ ነው በያ፤ እኔን እንኳ እንዲህ የሚያከብረኝ የለም።”

ባለሱቁ ሳቀ። እሷም አብራው ሳቀች፤ መሳቅ ባልነበረባት ጊዜ።

ቤቷ ውስጥ አንድ ገንዳ ብቻ አለ፤ እናቷ ከማይነሡበት አልጋ አጠገብ፣ መስኮቱ ሥር። ወርቃማውን ዓሣ ያመጡት ሟቹ አባቷ ናቸው። ጅራቱ በድንጋይ ስንጥቅ ተይዞ፣ መሐሉ ላይ በጥርስ የተገመጠ ያህል ጎድሎ ነበር፤ ጉዳቱ ከሥሩ ስለሆነ አልበቀለም። እናቷ ለቀዶ ሕክምና ሆስፒታል በተኙበት ወቅት ዓሣው ሞተ። ልብስ ሰፊዋ የሚመስለውን ከሱቁ ወስዳ፣ ጅራቱን እዚያው ቦታ ላይ ቀነጠበችና ገንዳው ውስጥ ጨመረችው። እናቷ በሰው ተደግፈው ሲገቡ ዓይናቸው ከሁሉ አስቀድሞ የሄደው ወደዚያ ነው።

“ጠበቀኝ፣” አሉ። “እሱ ካለ እኔም አለሁ።”

ያች ቃል ልጅቱን አሰረቻት። ጎዶሎው መሙላት በጀመረ ቁጥር “ውሃ ልቀይርለት” ብላ ወደ ጓዳ ትወስደዋለች፤ አጉድላው ትመለሳለች። ያ ሲሞት ሌላ ተተካ፤ እሱም ተቆረጠ። ለእናቴ ፍቅር ብዬ ነው ትላለች ለራሷ። ፍቅር መሆኑን መካድ አይቻልም፤ ዋጋውን የሚከፍለው ግን የምታፈቅረው እሷ ሳትሆን የማያውቃት ፍጡር ነበር።

አንድ ጠዋት ሳህኑን ይዛ ገባች። ዓሣው እንደ ልማዱ ወርዶ በጎኑ ተኛ። እስቲ በቅድሚያ እማዬን ፀጉሯን ላበጥርላት ብላ ወደ አልጋው ዞረች። እናቷ ስለ ጎረቤት ሴት ልጅ እያወሩ ነበር። እጇ ገና ሳይነካቸው ቃላቸውን ከመሐል ቆርጠው በጎናቸው ተኙ። ዓይናቸው ግን እንደተከፈተ ነው።

“እማዬ፣ ምን ሆንሽ?”

“እኔ እንጃ። ያ የቅርንፉድ ሽታሽ ሲመጣ ሰውነቴ ይለቀኛል።” ቀጥለውም ጠየቁ፤ “ጨረስሽ?”

“ምኑን?”

“የጀመርሽውን ነዋ።”

ሳህኑን ባዶውን መለሰችው። የዚያን ዕለት ለባለሱቁ ሌላ ሰው እንዲፈልግ ነገረችው፤ “አገባሽ እንዴ?” ብሎ ቀለደ። እጇን በሎሚና በሳሙና ደጋግማ አሸች። መቀሱን መተው ግን ብቻውን እውነት መናገር አይደለም። ጎዶሎው ሲሞላ እናቷ እንደሚያዩት፣ ሲያዩም “እሱ ካለ እኔም አለሁ” ያሉት ምን እንደሚሆን እያሰበች፣ ዝም ብላ የጅራቱን ማደግ ትጠብቅ ነበር።

ጅራቱ ሞላ።

“ይኼ ማነው?” አሉ እናቷ አንድ ከሰዓት በኋላ።

“ድኗል” ለማለት አፏን ከፈተች። ቃሉ ዝግጁ ነበር፤ ዋጠችው።

“የአባዬ ዓሣ ሞቷል፣ እማዬ። ሆስፒታል ሳለሽ ነው የሞተው። ይኼንን ያመጣሁት እኔ ነኝ፤ ከእሱ በፊት የነበረውንም። አንቺ እንዳታውቂ ጅራታቸውን እኔ ነኝ የምቆርጠው።”

እናቷ አላለቀሱም፤ አልተቆጡምም።  ዓሣውን እያዩ እጃቸውን ቀስ ብለው ወደ አገጫቸው አነሡ፤ በልጅነታቸው ወድቀው የቀረባቸውን ጠባሳ ዳበሱት።

“እኔስ?” አሉ።

“አንቺ ምን?”

“ሆስፒታል የገባችው ሴትዮ ናት የተመለሰችው?”

“እማዬ፣ ምን ማለትሽ ነው?”

“አንቺ ነሻ የምትቆርጪው፤ አንቺ ታውቂያለሽ ብዬ ነው። ነይ፣ እይኝ።”

ድምፃቸው ውስጥ ቀልድ አልነበረም፤ ወቀሳም አልነበረም። የጠፋ ዕቃ እንደሚያፈላልግ ሰው ነበር የሚናገሩት። ልብስ ሰፊዋ አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀመጠች፤ የእናቷን አገጭ ይዛ ወደ መስኮቱ ብርሃን አዞረችው። ጠባሳው በቦታው ነው። ከሕፃንነቷ ጀምሮ የምታውቀው ጠባሳ ነው። ሆኖም ጠርዙን አተኩራ ባየችው መጠን ቀጥ ያለ፣ የጠራ፣ የተስተካከለ እየመሰላት ሄደ። የተፈጥሮን ጉዳት ከተሠራ ጉዳት መለየት ማንም እንዳይችል ስትደክም የኖረች ሴት፣ መለየት ባስፈለጋት ሰዓት ራሷም አልቻለችም።

“አንቺው ነሽ” ማለት ነበረባት። አለችም፤ ግን ዘገየች።

መዘግየቷን እናቷ አዩ። ራሳቸውን በዝግታ ነቅነቅ አድርገው፣ ዓይናቸውን ሳይከድኑ፣ በጎናቸው ተኙ።

ጅራተ ሙሉው ዓሣ ግን አልተኛም። ወደ መስታወቱ ተጠግቶ፣ ምግብ እንደሚለምን ሁሉ፣ በሁለቱ ፊት ይመላለስ ነበር።