ቀይ ክር የታሰረበት ካሴት

መርዶው የደረሰኝ ማለዳ ነው። ጀርመን አገር፣ ለሥራ ልወጣ ጫማዬን ሳስር በሩ ተንኳኳ። ስከፍት አብረውኝ የሚያስቀድሱ ሁለት እናቶች ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ቆመዋል።

“ማን ነው?” አልሁ።

“አባትሽ ናቸው፣ ልጄ።”

ከተቀበሩ ሦስት ሳምንት ሆኗቸው ነበር። የእኛ ሰው ሩቅ ያለን ሰው በስልክ አያረዳም። ቡሬ የምትኖረው ታናሽ እህቴ በደወልሁ ቁጥር “ደኅና ናቸው፣ ጋደም ብለው ነው” ትለኝ የነበረው ለዚያ ነው።

አባቴ ከቡሬ ወጣ ባለ ገጠር ዜማ ያስተምሩ ነበር። ኋላ ዓይናቸው ሲፈዝ መጻፉን ተዉትና ዜማቸውን በካሴት እየቀዱ ዕቃቸውን በክር ይለዩ ጀመር። የመድኃኒታቸው ጠርሙስ ክር አለው፣ የሳጥናቸው ቁልፍ ክር አለው። መጨረሻ የሄድሁ ጊዜ ይህን በዓይኔ አይቻለሁ።

የእኔም እንጀራ ከካሴት ጋር ነው። ሜይንፍሬም የሚሉት ትልቅ ኮምፒውተር መዝገቡን በካሴት ያኖራል፤ ካሴቶቹን ከመደርደሪያ የሚያነሣውም የሚመልሰውም የብረት ክንድ ነው። የእያንዳንዱን ካሴት ጠባይ የምጽፍለት እኔ ነኝ፤ ቁጥሩን፣ ባለቤቱን፣ እስከ መቼ እንደሚቆይ፣ ከሁሉም በላይ የተያዘ ይሁን ባዶ። ምንም ካልጻፍሁለት ኮምፒውተሩ ባዶ ነው ብሎ በላዩ ይጽፍበታል። ስለዚህ በስመ አብ ብዬ እጀምራለሁ፣ ቁጥሩንም ሁለት ሁለቴ አነባለሁ። አለቃዬ “ካሴት ታጠምቂያለሽ እንዴ?” እያለ ይቀልድብኛል።

ለአርባቸው መሄድ አልቻልሁም፤ የመኖሪያ ወረቀቴ እድሳት ላይ ነበር። እህቴን ፍትሐቱን ቅጅልኝ ብዬ ለመንኋት። መብራት ከጠፋ ሰንብቶ ስልኳን ለመደወያ ቆጥባ ነበር የያዘችው።

“በአባባ ቴፕ ልቅዳው? የባትሪ ድንጋዩ አልሞተም።”

“ቅጅው።”

“በየትኛው ካሴት፣ እታለም? ሳጥኑ ሙሉ ነው እኮ።”

“ጽሑፍ ያለበትን እንዳትነኪ። ምንም ያልተጻፈበት ባዶ ነው፣ በሱ ቅጅ።”

ይህን ያልሁት እኔ ነኝ። መጻፍ የተዉ ሰው ካሴት ላይ ጽሑፍ ፈለግሁ።

አርባው ባለፈ ማግስት ደወልሁ።

“ቀዳሁልሽ” አለች ደስ ብሏት። “ቀይ ክር ተጠምጥሞበት አልገባ ቢለኝ በምላጭ ቆረጥሁት።”

እሷ ከተማ ኗሪ ናት፣ የክሩን ነገር አታውቅም። አጠገቧ የነበሩት የአባቴ ጎረቤት፣ ሽማግሌው ቄስ፣ ስልኩን ተቀበሏት።

“ልጄ፣ የኔታ በፍልሰታ ለአንቺ ምርቃት ቀድተው ነበር። ደጃቸው ላይ ከበናቸው ተቀምጠን። በስልክማ ትባባብኛለች፣ ስትመጣ ትስማው፣ አሉ። ቀይ ክር አሰሩበት። እስካሁን አልደረሰሽም?”

“ምን ብለው መረቁኝ?” ብላቸው፣ “ብዙ ነው የመረቁሽ፤ ቃሉን ግን እርጅና አስረሳኝ” አሉኝ።

እህቴ ካሴቱን ፍኖተ ሰላም ድረስ ቴፕ ጠጋኝ ዘንድ ወሰደችው። “የኔ እህት፣ በላዩ የተቀዳበት አይመለስም” አላት። ይህን ለእኔ መንገር አያስፈልግም ነበር። ፍትሐቱ ረጅም ነው፣ ሁለቱንም ገጽ ሞልቶታል።

የንስሐ አባቴ “ሳታውቂ ነው፣ እግዜር አይይዝብሽም” ይሉኛል። ሳላውቅ አይደለም። የክሩንም የካሴቱንም ነገር ከሰው ሁሉ በላይ የማውቀው እኔ ነበርሁ። ዳዊቴን እገልጣለሁ፣ ቃሉ ከከንፈሬ አያልፍም። ሥራ ቦታ የብረት ክንዱ ካሴት ሲያነሣ ፊቴን አዞራለሁ።

በዚያ ፍልሰታ በአባቴ ደጅ ተቀምጣችሁ የሰማችሁ፣ በእመቤቴ፣ ያሉትን ላኩልኝ። እኔን ለማጽናናት ብላችሁ አታሳምሩት፤ የረሳችሁትን ረሳን በሉኝ። ሌላው ሁሉ ቢጠፋባችሁ እንኳ ስሜን ጠርተው ጀምረው እንደ ሆነ፣ ድምፃቸውም ደከም ብሎ እንደ ሆነ ንገሩኝ።