የአክስቴ አቋቋም

አጎቴ በየመጽሔቱ ሽፋን ላይ የሚስላቸውን ሴቶች ያላየ የለም። አንገታቸው መቃ፣ ወገባቸው ለአንድ እጅ እንኳ የማይሞላ፤ አንዱን ዳሌ ጣል፣ አንዱን ጉልበት ሰበር አድርገው ይቆማሉ። አጠገባቸው ሱፍ የለበሰ ወንድ ጎንበስ ብሎ እጃቸውን ይስማል። የከተማው ቆነጃጅት በየፎቶ ቤቱ እንደነሱ ዘንበል ሲሉ ሳይ ደሜ ይፈላል። ያ አቋቋም የአክስቴ ነው። አክስቴ ደግሞ አንካሳ ናት።

በልጅነቷ የተሰበረው ግራ እግሯ አጥሮ ቀረ፤ ስትቆም ዳሌዋ ወደዚያው ይወድቃል። አጎቴ ታላቅ ወንድሟ ነውና፣ ገና ስሙ ሳይታወቅ ጀምሮ እሷን እያቆመ ነው የሚስለው። ፊቷን ቀየረ፣ አንገቷን አስረዘመ፣ ወፍራም ሶል ያለውን ጫማዋን አጠፋ። ዘንበል ማለቷን ግን ወሰደ።

እሱ ቤት ተቀምጣ ለሳሙና ሳይቀር የሰው እጅ ማየት ሲመርራት፣ ትልቁ የሴቶች ልብስ ሱቅ ሥራ ልትጠይቅ ሄደች። ባለሱቋ ከእግር እስከ ራሷ ቃኘቻትና፣ "የኔ እህት፣ እዚህ ቆሞ መሸጥ ነው። አቋቋም ያስፈልጋል" ብላ ወደ መስኮቱ ጠቆመቻት። መስኮቱ ላይ የተሰቀለው አጎቴ የሳለው ሥዕል ነበር።

አክስቴ ተመልሳ አጎቴ ፊት ቆመች። "ሄደህ 'የሳልኩት እህቴን ነው' በላት። ሌላ ምንም አልለምንህም፤ ሥራውን እንዳገኝ ብቻ።"

"አብደሻል? አንካሳ ነው የሚስለው ከተባልኩ ማን ይገዛኛል? ደግሞ ሥዕሉ ላይ አይታወቅብሽም። ምን ጎደለብሽ?"

ምን ጎደለብሽ! በሰው ቁስል እንጨት ስደድበት ማለት ይኸው ነው። እኔ ብሆን የብሩሹን ውሃ አናቱ ላይ እደፋበት ነበር። እሷ ግን፣ "ከዛሬ ወዲያ አልቆምልህም" ብላ ገባች።

አጎቴ በእሷ ቦታ የምትቆምለት ለግላጋ ጤነኛ ልጅ ቀጥሮ አመጣ። ያን ቀን አክስቴን ላግዛት ሄጄ ጓዳ ልብስ ስናጣጥፍ በስሱ ግድግዳ ሁሉም ይሰማናል። "ዳሌሽን ጣል አድርጊ። እንደሱ አይደለም! ጣል!" ልጅቷ ብትሞክር፣ ብትሞክር አልሆነላትም። በመጨረሻ ትዕግሥቱ አለቀና ጮኸ፦

"አንክሺ እንጂ! እንደ እህቴ አንክሺ!"

አክስቴ አንሶላውን ወርውራ ሄዳ በሩን በረገደችው። እሱን ዞር ብላ እንኳ አላየችውም።

"እህቴ፣ ቀጥ ብለሽ ቁሚ" አለቻት ልጅቷን። "እግርሽ ደህና ነው። አሁን ይሄ ሰው ያለሽን፣ አብረሽኝ መጥተሽ ለባለሱቋ ንገሪልኝ።"

ልጅቷ አጎቴን አየችው፣ አክስቴን አየቻት፣ ጎንበስ ብላ ጫማዋን አጠለቀች።